ስለ ነጻነትና ከኋላ ስለሚቀር ሞገድ

ሰው ከጥንት ጀምሮ ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ፥ ማንንም ሳይለምንና ማንንም ሳይጠብቅ ወደ ወደደው ስፍራ መሄድ ነው። ባለበቅሎ በበቅሎው፥ ባለመኪና በመኪናው የሚኰራው ንብረቱ ውድ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ በፈለገ ጊዜ ለመነሣትና በፈለገ ጊዜ ለማረፍ ስለሚያስችለው ጭምር ነው። ከሰው ጋር ተሳፍሮ የሚሄድ የሌላውን ሰዓት ይጠብቃል፤ በራሱ የሚሄድ ግን ሰዓቱም መንገዱም የራሱ ይመስለዋል።

«ይመስለዋል» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በገዛ ገንዘቡ ባገኘው ነገር፥ በገዛ ፈቃዱ ሲሄድ፥ በእውነት ብቻውን ይሄዳልን? ወይስ እርሱ የማያያቸው ብዙ እጆች ደግፈውት ይሄዳሉ? ደግሞስ እርሱ ካለፈ በኋላ በመንገዱ ዳር ለሚቀሩት ሰዎች የሚሰጠው መልስ አለበትን? የዚህች ጽሑፍ አሳብ ይህን መመርመር ነው።

ጥያቄውን በደረቁ ከማመላለስ ይልቅ በአንድ በታወቀ መንገድ ላይ አሳርፎ መመልከት ይሻላል። በየብስ መንገድ አንዱ መኪና ለሌላው የሚተወው አቧራ ነው፤ አቧራውም ብዙ ሳይቈይ ይረሳል። በውሃ ላይ የሚያልፍ ሁሉ ግን ከኋላው ሞገድ ይተዋል፤ ሞገዱም ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ብቻውን ተጕዞ ከሰው ደጅ ይደርሳል። ስለዚህ ምሳሌያችንን ከውሃ መንገድ፥ ይኸውም በአሜሪካ ደቡብ ክፍል በሚገኙት ወንዞች ላይ በግል ሞተር ጀልባ ከሚደረገው ጕዞ እንወስዳለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በቴነሲ ግዛት በኖክስቪል ከተማ አጠገብ ሆልስተንና ፍሬንች ብሮድ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ተገናኝተው የቴነሲን ወንዝ ይወልዳሉ። ወንዙም ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል፤ በቻታኑጋ በኩል አድርጎ ወደ አላባማ ይገባል፤ ከዚያም ተጠማዞ ወደ ሰሜን ይመለስና 1,049 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በኬንታኪ በፓዱካ ከተማ አጠገብ ከኦሃዮ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ወንዙ ወደ ሰሜን ፊቱን በመለሰበት አካባቢ ግን የሰው እጅ የቈፈረው ሌላ መንገድ ወደ ደቡብ ይከፈታል። ይህ የቴነሲና የቶምቢግቢ የውሃ መንገድ የሚባለው ነው። ርዝመቱ 377 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ ሥራው በ1972 ተጀምሮ በ1984 ተፈጸመ፤ ወደ ሁለት ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ወጣበት፤ ከ200 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚበልጥ አፈርም ተዛቀበት። በዚህ መንገድ የሄደ ጀልባ በሚሲሲፒና በአላባማ ምድር አልፎ፥ በዴሞፖሊስ በኩል እስከ ሞቢል ወደብ፥ ከዚያም እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል።

አሁን አንድ ሰው በአሳባችን እንፍጠር። ይህ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ ሠርቶ፥ ልጆቹን አሳድጎ፥ ጡረታ በወጣ ጊዜ ባጠራቀመው ገንዘብ መኝታና ማብሰያ ያላት አሥር ሜትር ያህል የምትረዝም ሞተር ጀልባ ገዛ እንበል። የበጋው ሙቀት ባለፈ ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ከኖክስቪል ተነሥቶ ወደ ሞቢል ይወርዳል፤ መንገዱ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት ጉሙ ከውሃው ላይ እስኪነሣ ይጠብቅና ሞተሩን አስነሥቶ ይሄዳል። ማታ ከዋናው ወንዝ ወደ ጐን ገባ ብሎ፥ ጸጥ ባለ ስፍራ መልሕቁን ይጥላል። አለቃ የለበትም፤ የሚቀሰቅሰው ደወል የለም። «እነሆ፥ አሁን ነጻ ወጣሁ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

እኛም አንፈርድበትም። ደክሞ ያገኘው ዕረፍት ነውና ደስ ይበለው። ብቻ በዚህ ጕዞው ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ ብሎ እንዲመለከት እንወዳለን፤ ከፊቱ ያለውን በር፥ ከኋላው ያለውን ሞገድ፥ ከበታቹም ያለውን ምድር።

፩. ከፊቱ ያለው በር

የኖክስቪል ውሃ ከባሕር ወለል በላይ 248 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሞቢል ግን ከባሕር ጋር እኩል ነው። ጀልባ እንደ ሰው በእግሩ ደረጃ መውረድ ስለማይችል፥ መሐንዲሶች በየግድቡ አጠገብ የውሃ ደረጃ ሠርተውለታል። ይህ በእነርሱ ቋንቋ ሎክ የሚባለው፥ ከፊትና ከኋላ ትልልቅ የብረት በሮች ያሉት፥ በጠንካራ ግንብ የታጠረ ክፍል ነው። ጀልባው ወደ ክፍሉ ይገባል፤ በስተኋላው ያለው በር ይዘጋል፤ ከታች ያለው መፍሰሻ ሲከፈት ውሃው ቀስ እያለ ይጎድላል፤ ጀልባውም ከውሃው ጋር ይወርዳል። ከታችኛው ወንዝ ጋር እኩል በሆነ ጊዜ የፊተኛው በር ይከፈትና መንገዱን ይቀጥላል። ለዚህ ሁሉ ውሃውን የሚገፋ መኪና የለም፤ ውሃው የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ከኖክስቪል እስከ ሞቢል ድረስ እንዲህ ያሉ 19 ደረጃዎች አሉ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው በአላባማ የሚገኘው የዊልሰን ግድብ ደረጃ ነው። በዚያ ስፍራ ድሮ መስል ሾልስ የሚባል ድንጋያማና ፈጣን ውሃ ነበረ፤ የላይኛውን ወንዝ ከታችኛው ለይቶ ያኖር የነበረም እርሱ ነው። ግድቡ በ1924 ተፈጸመ፤ ትልቁ ደረጃ በ1959 ተከፈተ። ክፍሉ 183 ሜትር ይረዝማል፥ 33 ሜትር ይሰፋል፥ ጀልባንም ባንድ ጊዜ 28 ሜትር ያህል ያወርዳል። እንግዲህ ያ ጡረተኛ በአሥር ሜትር ጀልባው ብቻውን ቢደርስ፥ ለእርሱ ብቻ ሲባል ከ150,000 ሜትር ኩብ የሚበልጥ ውሃ ይለቀቃል ማለት ነው። በሩን የሚከፍትለት በመንግሥት ደመወዝ የሚሠራ ሰው ነው፤ ለማለፊያም የሚጠየቀው ዋጋ የለም። ጭነት የሚያመላልሱት የንግድ ጀልባዎች በሚያቃጥሉት ነዳጅ ላይ ለውሃ መንገድ ሥራ የሚውል ግብር ይከፍላሉ፤ የመዝናኛ ጀልባ ግን ይህን ግብር አይከፍልም። ስለዚህ «በገዛ ገንዘቤ እሄዳለሁ» የሚል ሰው፥ ገንዘቡ የገዛለት ጀልባዋንና ነዳጇን ብቻ መሆኑን ያስተውል። መንገዱን የገዙለት ሌሎች ናቸው፤ ከእነዚያም መካከል ወንዙን አንድ ቀን እንኳ በዓይናቸው ያላዩ ብዙ ግብር ከፋዮች አሉ።

የብረት በርም ቢሆን ለዘለዓለም የቆመ አይደለም። በ2024 መስከረም ወር በዊልሰን ትልቁ ደረጃ በሮች ላይ ስንጥቅ ስለ ተገኘ፥ ክፍሉ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበረ፤ ጀልባዎችም በጐኑ ባለው አነስተኛ ደረጃ እየተጠባበቁ ማለፍ ግድ ሆነባቸው። የሺሕ ኪሎ ሜትር ነጻነት በአንድ በር ማጠፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል፤ ያን ማጠፊያ በየጊዜው የሚመረምረውን ሠራተኛ ግን መንገደኛው ስሙን አያውቅም።

በበሩ ላይ ደግሞ ሥርዐት አለ። አስቀድሞ የመንግሥት መርከቦች፥ ቀጥሎ መንገደኛ የሚያመላልሱ፥ ቀጥሎም ጭነት የያዙ የንግድ ጀልባዎች ይገባሉ። ለደስታው የሚሄደው ሰው ተራው የመጨረሻው ነው። ሆኖም ደንቡ እርሱንም አልረሳውም፤ ከሌሎች ጋር አብሮ ለመግባት ካልቻለ፥ ሌሎች ሦስት ጊዜ እስኪያልፉ ከጠበቀ በኋላ በሩ ለብቻው ይከፈትለታል። በዚህ በትንሽ ደንብ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። የሥራ ጕዳይ ከደስታ ጕዳይ መቅደሙ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ኋላ የሚገባ ሰው ለዘለዓለም ውጭ እንዲቀር አይፈረድበትም። ፊተኞችን ብቻ የሚያውቅ ሥርዐት ግፍ ነው፤ ፊተኛና ኋለኛ የማይለይ ሥርዐትም ሁከት ነው። ተራውን በሰላም የሚጠብቅ ሰው ነጻነቱን አልተቀማም፤ ተራውን መጠበቅ አቅቶት የሚቈጣው ግን ማንም ሳያስረው የቍጣው እስረኛ ሆኗል።

፪. ከኋላው ያለው ሞገድ

ጀልባ ውሃን ሳይሰነጥቅ አይሄድም፤ የተሰነጠቀውም ውሃ ሞገድ ይሆናል። በአሜሪካ ስለዚህ ሞገድ የጸናው ልማድ ግልጽ ነው፤ ጀልባ ነጂ ጀልባው ያስነሣው ሞገድ ለሚያደርሰው ጕዳት ይጠየቃል። «እኔ አልነካሁትም፤ ደግሞም ርቄ ሄጄ ነበር» ማለት አያድነውም።

ይህ ሕግ ከባድ የሚመስለው ሞገዱ የሚያደርሰውን ለማያውቅ ሰው ነው። ሞገዱ በወንዙ ዳር ታስሮ የቆመውን ጀልባ ከመቆሚያው እንጨት ጋር ያጋጨዋል፤ በውስጡ ምጣድ ጥዳ የነበረችውን ሴት የፈላ ውሃ ይደፋባታል። በትንሽ ታንኳ ቆሞ ዓሣ የሚያጠምደውን ሽማግሌ ከሚዛኑ ያወጣዋል። የወንዙን ዳር እየቦረቦረ የዛፎቹን ሥር ራቁቱን ያስቀረዋል፤ የተናደውም አፈር ውሃውን ያደፈርሰዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ነጂው ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ፥ ነፋሱን እየተቀበለ፥ ምናልባትም እየዘፈነ በሚሄድበት ሰዓት ነው። በሌላ ሰው ላይ ክፉ አላሰበም። ነገር ግን ክፉ አለማሰብና ክፉ አለማድረግ አንድ አይደሉም፤ በዓለም ላይ ከሚደርሰው ጕዳት ብዙው በጠላትነት ሳይሆን ዘወር ብሎ ባለማየት የሚደርስ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚባለውም ስለዚህ ነው።

የሞገድ ጠባይ ራሱ ሊጠና የሚገባው ነው። የሞገድ ቁመት እጥፍ ሲሆን ኀይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥቂት የመሰለው ችኰላ ዳር ላይ ሲደርስ ጥቂት ሆኖ አይገኝም። ከዚህም የሚያስደንቅ ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቹ የመዝናኛ ጀልባዎች በዝግታ ሲሄዱ በውሃው ውስጥ ተቀምጠው በጸጥታ ያልፋሉ፤ እጅግ ሲፈጥኑ ደግሞ ብድግ ብለው በውሃው ገጽ ላይ ይንሸራተታሉ። በሁለቱ መካከል ባለው ፍጥነት ግን አፍንጫቸው ወደ ላይ፥ ጅራታቸው ወደ ታች ሆኖ ውሃውን እንደ ማረሻ ይገለብጡታል፤ ትልቁ ሞገድ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ሲከንፍ የመጣ ሰው የቆሙትን ጀልባዎች አይቶ፥ ላስብላቸው ብሎ ፍጥነቱን በጥቂቱ ብቻ ቢቀንስ፥ ካልቀነሰው ይልቅ ይጐዳቸዋል። ማዘኑ እንዲጠቅም እስከ መጨረሻው መቀነስ አለበት። በግብረ ገብም ነገሩ እንዲሁ ነው። ግማሽ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ቂሙን ይቀሰቅሳል፤ ግማሽ እውነት የተናገረ ሰው ፍርድን ከሐሰተኛው ይልቅ ያጣምማል፤ ግማሽ ምጽዋት የሰጠና በአደባባይ ያወራው ድኻውን ካልሰጠው ይልቅ ያሳፍረዋል።

ፈጣኑ ጀልባ ዝግ የሚለውን ሲቀድም የሚደረገው ሥርዐት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። በወንዞቹ ደንብ መሠረት ከኋላ የሚመጣው አንድ አጭር ጡሩምባ ሲነፋ «በቀኝህ በኩል ላልፍህ አስቤአለሁ» ማለቱ ነው፤ የሚታለፈውም ከተስማማ ያንኑ ይመልሳል፤ ካልተስማማ ወይም ከተጠራጠረ አምስት ጊዜና ከዚያም በላይ ይነፋል። ዛሬ ብዙዎች ይህን በራዲዮ ይነጋገሩታል። ከተስማሙ በኋላ የኋለኛው ብቻ ቢዘገይ አይበቃም፤ የፊተኛው እንደ ቀድሞው ከሄደ የኋለኛው ሊቀድመው የሚችለው በፍጥነትና በትልቅ ሞገድ ነውና። ስለዚህ የሚታለፈው ሰው ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ቀዳሚውም በዝግታ፥ ሞገድ ሳያስነሣ፥ በአጠገቡ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወደ ቀድሞ ፍጥነታቸው ይመለሳሉ።

እስቲ ይህን ነገር እናስብበት። የሚታለፈው ሰው ለሚቀድመው ሰው ሲል ይዘገያል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ሽንፈት ይመስላል፤ ነገር ግን የመዘገየቱ የመጀመሪያ ተጠቃሚ ራሱ ነው፤ ሞገዱ የሚመታው እርሱን ነበርና። ቀዳሚውም ለመቅደም መጀመሪያ መዘግየት አለበት። ሁለቱ ጥቂት ጥቂት ካልተዉ ሁለቱም ይናወጣሉ። በሥራ ቤት ውስጥ ታናሹ ታላቁን በዕውቀት ሲቀድመው፥ በትምህርት ቤት አንዱ ጓደኛ ከሌላው በላይ ሲወጣ፥ በአባትና በልጅ መካከልም ዘመን ሲለወጥ፥ ይህ የወንዝ ሥርዐት ቢጠበቅ ስንት ቤት ከመናወጥ በዳነ ነበር! የሚቀድም ሰው አስቀድሞ ይናገር፥ በዝግታም ይለፍ፤ የሚታለፍ ሰው ደግሞ መንገድ መስጠትን እንደ ውርደት አይቍጠረው።

ለትልልቆቹም የተሠራ ደንብ አለ። በቴነሲ ወንዝ ላይ አንድ ገፊ ጀልባ እስከ 15 የሚደርሱ ባርጅ የሚባሉ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎችን ባንድነት አስሮ ይገፋል፤ አንዱ ባርጅ 1,500 ቶን ያህል ይይዛል። እንዲህ ያለው ጓዝ ልቁም ቢል እንኳ ለመቆም አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ሁለት ጀልባዎች በጠባብ ስፍራ ፊት ለፊት ሲገናኙም፥ ከወንዙ ጋር ወደ ታች የሚወርደው የማለፍ መብት አለው፤ ውሃው ከኋላው ስለሚገፋው በቀላሉ መቆም አይችልምና። ስለዚህ ትንሿ ጀልባ ከትልቁ ፊት ዘወር ትላለች። የደንቡ መሠረት ማቆም የሚችል ማቆም ለማይችለው ይቁም የሚል ነው። ጤነኛ ለበሽተኛ፥ ጕልማሳ ለሽማግሌ፥ የጠገበ ለተራበ የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኀላፊነት ወደሚችለው ሰው ያዘነብላል።

ይህን ለማስተዋል ግድ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። በእኛም አገር በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የተሠራ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰውና መንገደኛ ወደ ገዳማት የሚያደርስ ሞተር ጀልባ ባንድ ውሃ ላይ ይገናኛሉ። ሞተር ያለው የራሱን ሞገድ አይሰማውም፤ እንጨት የጫነው ታንከኛ ግን ገና ከሩቅ ያየዋል፥ መቅዘፊያውንም ይዞ ይጠብቀዋል። የሞገድን ትልቅነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ባለሞተሩን አይጠይቅ፤ ባለታንኳውን ይጠይቅ።

፫. ከበታቹ ያለው ምድር

መንገደኛው ፊቱንና ኋላውን ካየ በኋላ ወደ ታች ደግሞ ይመልከት። የሚሄድበት ውሃ በብዙ ቦታ ወንዝ መሆኑ ቀርቶ በግድብ የታቈረ ሐይቅ ሆኗል። ከሐይቁ በታች የሰው እርሻ የነበረ ምድር አለ።

በ1933 የአሜሪካ መንግሥት የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የሚባለውን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ሸለቆው በድኽነትና በጐርፍ የተጐዳ ነበረ፤ በዚያ ዘመን በአሜሪካ ገጠር ከአሥር የእርሻ ቤቶች ዘጠኙ ያህል የኤሌክትሪክ መብራት አልነበራቸውም። መሥሪያ ቤቱ በወንዙና በገባሮቹ ላይ ግድቦች ሠርቶ ጐርፉን ገታ፥ መብራት አበራ፥ ለጀልባ የሚበቃ ጥልቅ መንገድ ከፈተ፤ የሐይቆቹንም ውሃ በየጊዜው ከፍና ዝቅ በማድረግ የወባ ትንኝ እንዳትራባ አደረገ። ይህ በእውነት ታላቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ነገር ግን ታላቅ መርከብ ታላቅ ሞገድ አለው። በክሊንች ወንዝ ላይ የተሠራው የኖሪስ ግድብ በ1936 ሲፈጸም፥ ወደ 3,000 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሥተዋል። በሺሕ የሚቈጠሩ መቃብሮች ተከፍተው ዐፅማቸው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ርስት የነበራቸው የመሬታቸውን ዋጋ ተቀበሉ፤ በሰው መሬት ያርሱ የነበሩት ጭሰኞች ግን መሬት ስላልነበራቸው የመሬት ዋጋ አላገኙም። ሎይስተን የምትባል መንደር በውሃ ተዋጠች፤ ዛሬ ያ ሰፊ ውሃ የሎይስተን ባሕር ይባላል፤ ሰዎች በበጋ በሞተር ጀልባ ይዝናኑበታል።

ከዚህም በፊት ሌላ ሕዝብ ነበረ። ቴነሲ የሚለው ስም ራሱ የቼሮኪ ሕዝብ ከተማ ከነበረችው ከታናሲ የመጣ ነው። በ1830 የአገሩ ተወላጆች ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ እንዲሄዱ የሚያደርግ ሕግ ወጣ፤ በ1838 ወታደሮች ቼሮኪዎችን ከየቤታቸው ሰበሰቧቸው። ከእነርሱ ከፊሎቹ ሮስስ ላንዲንግ ይባል ከነበረው፥ ዛሬ ቻታኑጋ ከቆመችበት ስፍራ በጀልባ ተጭነው በዚሁ በቴነሲ ወንዝ ወደ ታች ተወሰዱ፤ የቀሩትም በእግር ተነዱ። በዚያ መከራ በሺሕ የሚቈጠሩ ሞቱ። የታናሲም ስፍራ በ1979 በቴሊኮ ግድብ ውሃ ሥር ሆነ። እንግዲህ ያ ጡረተኛ በቻታኑጋ ሲያልፍ፥ እርሱ በፈቃዱ የሚወርድበትን ውሃ ሌሎች እያለቀሱ ወርደውበታል። ውሃው አንድ ነው፤ አቅጣጫውም አንድ ነው፤ የተለየው ፈቃድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጽሑፋችን ከባድ ጥያቄ ደርሰናል። ይህ ሰው ማንንም አላፈናቀለም፤ በ1838 አልተወለደም፤ በ1936ም ግድብ አልሠራም። ታዲያ ምን አለበት?

መልሳችን በደልና ዕዳ አንድ አይደሉም የሚል ነው። በደል ሰው በገዛ እጁ የሠራው ክፉ ሥራ ነው፤ በሌላው አንገት ላይ አይንጠለጠልም። ዕዳ ግን የሌላውን ነገር ከመጠቀም ይመጣል፤ አባቱ በተበደረው ገንዘብ በተሠራ ቤት የሚኖር ልጅ ተበዳሪው እርሱ ባይሆንም ባለዕዳ ነው። ያ መንገደኛ በደለኛ አይደለም፤ ሌሎች የከፈሉበትን ውሃ ስለሚጠቀም ግን ባለዕዳ ነው። ዕዳውም ሦስት ነው። መጀመሪያ ማወቅ፤ በምን ላይ እንደሚሄድ ሳያውቅ እንዳያልፍ። ሁለተኛ መናገር፤ የሰጠመውን መንደርና የተነዳውን ሕዝብ በስሙ መጥራት፥ ለልጆቹም መንገር። ሦስተኛ አለመጨመር፤ እርሱ በሚያልፍበት ዘመን በዳር የቆሙትን ሰዎች እንደ ቀድሞዎቹ እንዳልነበሩ አለመቍጠር። በ1936 የሆነውን ለመለወጥ ሥልጣን የለውም፤ ፍጥነቱን የሚቈጣጠርበት ዘንግ ግን በእጁ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃዋሚዎች ይነሡብናል። አንደኛው «ውሃ የሁሉ ነው፤ ሞገድም የተፈጥሮ ነው፤ ዳር የሚኖር ሰው ሞገድን ይቻል» ይላል። ውሃ የሁሉ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሁሉ የሆነ ነገር ያንዱ ብቻ አይደለም ማለት ነው እንጂ ለፈጠነ ሰው የተሰጠ ነው ማለት አይደለም። ነፋስ ያስነሣውን ሞገድ ዳር የሚኖር ሰው ይችላል፤ ነፋስ አያስብምና። ሰው ያስነሣውን ሞገድ ግን ከነፋስ ሥራ ጋር መቍጠር፥ ሰውን ከማያስብ ነገር ጋር ማስተካከል ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «እንግዲያውስ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ሞገድ ካስነሣ፥ ደጉ ሰው ከወደብ የማይወጣ ነው» ይላል። ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ የረቀቀ ስሕተት ነው፤ ብዙ ቅን ወጣቶችም ይወድቁበታል። ጐርፍን ለመግታትና መብራት ለማብራት ማንም ባይነሣ ኖሮ፥ ሸለቆው በጨለማና በወባ በቀረ ነበር፤ ለዚያም የሚጠየቅ ሰው በኖረ ነበር። አለመንቀሳቀስም የራሱ ጕዳት አለው፤ ልዩነቱ ጕዳቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው «ሞገድ አስነሣሁ ወይስ አላስነሣሁም?» ተብሎ አይደለም፤ «ካስፈለገው በላይ አስነሣሁን? ሳልፍስ አስጠነቀቅሁን? ለተጐዳው ተመለስሁን?» ተብሎ ነው። ሎይስተን ባትሰጥም የሚሻል ነበረ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱ ሊከብደው ይችላል፤ ለጭሰኛው ተገቢው ካሳ ይሰጠው ነበረ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን መልሱ አይከብደውም።

ወጣት አንባቢዎች ሆይ! ከእናንተ አብዛኞቹ ጀልባ አይኖራችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ሁላችሁም በሆነ ነገር ላይ ትፈጥናላችሁ። አንዱ በትምህርቱ፥ አንዱ በገንዘቡ፥ አንዱ በሥልጣኑ፥ አንዱ በአንደበቱ ይፈጥናል። ፊርማችሁ ከጠረጴዛችሁ ተነሥቶ ሩቅ የሚኖር ገበሬ ደጅ ይደርሳል፤ ባንድ ማታ የተናገራችሁት ቀልድ ከሰው ልብ ውስጥ ለዓመታት ይናወጣል። እናንተ ያን ጊዜ ርቃችሁ ትሆናላችሁ። ነጻነታችሁን አትጥሉት፤ ብዙዎች የደከሙበት ነውና ተጠቀሙበት። ነገር ግን የሰው ነጻነት ሙሉ የሚሆነው፥ የሚሄድበትን መንገድ «የኔ ነው» ከማለቱ ጋር ከኋላው የሚተወውንም ሞገድ «የኔ ነው» ብሎ ሲቀበል ነው። መንገዱን ብቻ የኔ የሚል ሰው ነጻ ሳይሆን ስድ ነው።

ስለዚህ በር በተከፈተላችሁ ጊዜ በሩን የሚጠብቀውን አመስግኑ፤ ተራችሁ ሳይደርስ አትጋፉ፤ የሚቀድማችሁን አሳልፉ፤ የምትቀድሙትንም አስጠንቅቁ። ለመሄድ ስትነሡ ወደ ፊት ማየታችሁ መልካም ነው። ካለፋችሁ በኋላ ግን አንድ ጊዜ ዘወር በሉና ዳሩን ተመልከቱ።